ከባዶቹ ቅንጣቶችና የእኛ ድርሻ

“ሕዝባችን የዕለት ጉርስ በተቸገረበት ዘመን ስለ ቅንጣቶች ግጭት ማውራት የጥጋብ ወሬ ነው” የሚል አስተያየት ከወገኖቼ ደጋግሜ እሰማለሁ። ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም ሳይንሱ ምን እንደሆነና እነማን እንደሠሩት ስንመለከት ድምዳሜው አያስኬድም ባይ ነኝ።

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ መቶ ሜትር ያህል ከመሬት በታች፣ ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ክብ ዋሻ አለው። እኔ የምኖርበት ስትሪትሃም የምድር ውስጥ ባቡር ያልደረሰው የደቡብ ለንደን ሰፈር ነው፤ መሐል ከተማ ገብቶ “ሰርክል ላይን” የሚባለውን መስመር የተሳፈረ ግን የዋሻውን ስፋት ሊገምት ይችላል፤ ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነውና። በዋሻው ውስጥ ፕሮቶኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው፣ ከተቃራኒ አቅጣጫ እየመጡ ይጋጫሉ።

እስካሁን ከሚታወቁት መሠረታዊ ቅንጣቶች ሁሉ ከባዱ ቶፕ ኳርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካው ፈርሚላብ ተገኘ፤ ከ180 ፕሮቶኖች በላይ ይከብዳል። ታዲያ ከሁለት ፕሮቶኖች ግጭት እንዴት ይወጣል? መልሱ የአንስታይን ቀመር ነው፤ የፍጥነታቸው ጉልበት ወደ ክብደት ይለወጣል። ችግሩ ከባድ ቅንጣት ዕድሜ የለውም፤ ዓይን ከመጨፈን እጅግ ባነሰ ቅጽበት ወደ ቀላል ቅንጣቶች ይለወጣል። መቶ ብር ሲዘረዘር እንደማለት ነው። ሳንቲሞቹ በኖቱ ውስጥ ታጭቀው አልነበሩም፤ ድምራቸው ግን መቶ ነው። ተመራማሪዎችም የዝርዝሩን ጉልበትና አቅጣጫ በመሣሪያ ለክተው፣ ደምረው፣ ያላዩትን ኖት ያውቃሉ። አንድ ግጭት ማስረጃ አይሆንም፤ በሰከንድ እስከ አንድ ቢሊዮን ከሚደርሱ ግጭቶች ተጣርቶ፣ ያው ድምር ሲደጋገም ነው የሚታመነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2012 ይፋ የሆነው ሂግስ ቦዞን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ከባዶቹ ለምን ተፈለጉ? ንድፈ ሐሳቡ መሠረታዊ ቅንጣት በከበደ ቁጥር ከሂግስ ጋር ያለው ትስስር ይጠነክራል ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት የሰርን ቡድኖች ቶፕ ኳርክና ሂግስ አብረው ሲወለዱ በማየት ይህንኑ አረጋገጡ። ደብልዩና ዜድ የሚባሉት ቅንጣቶችም ከባድ በመሆናቸው የሚያስተላልፉት ኃይል ደካማ ሆኗል፤ ፀሐይ ነዳጇን ቀስ ብላ የምታነደውም በዚሁ ኃይል ደካማነት ነው።

ደብልዩና ዜድ በሰርን የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። መኖራቸውን አስቀድመው ከተነበዩት አንዱ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ከግላሾውና ከዋይንበርግ ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ሰላም ከካምብሪጅ ትምህርቱ በኋላ ላሆር ተመልሶ አስተማረ፤ ነገር ግን የሙያ አጋርም ሆነ በወቅቱ የሚደርስ መጽሔት በማጣቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ተሰደደ። ኋላም የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ከዚህ ይጀምራል። የድሃ አገር ምሁር ከአገሩና ከሳይንሱ አንዱን እንዲመርጥ መገደድ የለበትም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ጣሊያን ትሪየስቴ ውስጥ የዓለም አቀፍ የንድፈ ሐሳባዊ ፊዚክስ ማዕከልን አቋቋመ። ከዚያ ሠልጥነው አገራቸው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን የፊዚክስ መምህራን አሉ።

ዛሬ በሩ ይበልጥ ሰፍቷል። ሰርን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የግጭት መረጃዎችን ለማንም በነፃ መልቀቅ ጀምሯል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ዌብም እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያው የተጠነሰሰ ነውና፣ “ምን ይፈይዳል?” ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ይሆናል። ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያለ ተማሪ 27 ኪሎ ሜትር ዋሻ መቆፈር አይጠበቅበትም፤ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ጥያቄውን የሚመልስለት አማካሪ ይበቃዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመንግሥትን እጅ ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ግን በእኛ በስደት ባለን ምሁራን እጅ ነው። በወር ሁለት ሰዓት ለአንድ ተማሪ ለመስጠት የማንን ፈቃድ እንጠብቃለን?

ቸር ይግጠመን።

ከስትሪትሃም፣ ለንደን