ግዙፍ መደብር ወደ ሰፈር ሲመጣ፦ የዋሽንግተን ዲሲው ሙግት ምን ያስተምራል?

በአውሮፓውያኑ 2010 መገባደጃ ላይ ግዙፉ የአሜሪካ ቸርቻሪ ዎልማርት በዋሽንግተን ዲሲ አራት መደብሮችን ሊከፍት ማቀዱን ይፋ ሲያደርግ፣ የከተማዋ ነዋሪዎች በሁለት ጎራ ተከፈሉ። ከታቀዱት ስፍራዎች አንዱ ጆርጂያ አቬኑ የተሰኘው ጎዳና ከሚዙሪ አቬኑ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነበር።

ጆርጂያ አቬኑ ከከተማዋ ተነስቶ ወደ ሜሪላንድ ግዛት የሚዘልቅ፣ አውቶቡስና የቤት መኪና የሚበዛበት መንገድ ነው። የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆችም በዚሁ ጎዳና እና ጎዳናው በሚያልፍባት ሲልቨር ስፕሪንግ ይገኛሉ። በመሆኑም ሙግቱ የአበሻውን ማኅበረሰብ ደጃፍም የሚነካ ነበር።

ደጋፊዎች ርካሽ ዋጋን፣ የሥራ ዕድልንና ለከተማዋ የሚገባውን ግብር አነሱ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው ትናንሽ ሱቆች ከገበያ ይወጣሉ፣ ደመወዝ ይወርዳል፣ ቀድሞውንም የተጨናነቀው መንገድ ጨርሶ ይዘጋል የሚል ስጋት ነበራቸው።

መጨናነቅ አስቀድሞ እንዴት ይለካል?

እንዲህ ላሉ ግንባታዎች የትራፊክ ተጽዕኖ ጥናት ይዘጋጃል። ባለሙያዎች በቅድሚያ በአካባቢው መጋጠሚያዎች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚያልፉትን መኪኖች ይቆጥራሉ። ቀጥሎም የመደብሩን ስፋት መሠረት አድርገው በሰዓት ስንት መኪና ሊመጣ እንደሚችል ይገምታሉ።

ከዚህ ግምት ላይ በአውቶቡስና በእግር የሚመጡት ይቀነሳሉ። መንገዳቸው ስለሆነ ብቻ ጎራ የሚሉ አሽከርካሪዎችም እንደ አዲስ ትራፊክ አይቆጠሩም። በመጨረሻ አንድ መኪና በየመብራቱ በአማካይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆም ይሰላል።

የነዋሪዎችና የገንቢዎች አለመግባባት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከስሌቱ ሳይሆን ከመነሻ ግምቶቹ ነው። በአውቶቡስ የሚመጣው ሰው ብዛት ጥቂት ከፍ ቢደረግ፣ መንገዱ በወረቀት ላይ ሰፊ መስሎ ይታያል። አማካይ ቁጥርም የቅዳሜን ግርግር፣ የጭነት መኪኖችን ማራገፊያና መብራት ለመሸሽ በመኖሪያ መንደሮች መካከል የሚያቋርጡ አሽከርካሪዎችን ሊሸፍን ይችላል።

በዋሽንግተን ዲሲ ከ50 ሺህ ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከ4 ሺህ 600 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ የንግድ ግንባታ ልዩ ግምገማ ይደረግበታል። በየሰፈሩ የሚመረጡ አማካሪ ኮሚሽኖችም ሐሳብ ያቀርባሉ። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ሐሳብ ከፍተኛ ክብደት የመስጠት ግዴታ ቢኖርባቸውም፣ ምክሩን የመቀበል ግዴታ ግን የለባቸውም። ቦታው አስቀድሞ ለንግድ የተፈቀደ ከሆነ ደግሞ፣ ነዋሪው ግንባታውን ከማስቆም ይልቅ መልኩን ለማሻሻል ነው አቅም የሚኖረው።

ከመንገድ ወደ ደመወዝ

ሙግቱ በ2013 ወደ ከተማዋ ምክር ቤት ተሸጋገረ። ምክር ቤቱ ግዙፍ ቸርቻሪዎች በሰዓት ቢያንስ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ረቂቅ 8 ለ 5 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። በወቅቱ የከተማዋ ዝቅተኛ ደመወዝ 8 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር።

ዎልማርት ረቂቁ ሕግ ከሆነ ሦስት መደብሮችን እንደሚሰርዝ አስጠነቀቀ። ከንቲባ ቪንሰንት ግሬይ በመስከረም ወር ረቂቁን ውድቅ አደረጉት፤ ምክር ቤቱም ውሳኔያቸውን ለመሻር የሚያስፈልገውን ዘጠኝ ድምፅ አላገኘም። የጆርጂያ አቬኑው መደብር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተከፈተ። ሆኖም በከተማዋ የነበረው የደመወዝ ክርክር አልከሰመም፤ ምክር ቤቱ በዚያው ወር የሁሉንም ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በ2016 ወደ 11 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሚያደርስ ሕግ አጸደቀ።

ቃል ኪዳኑና ውሉ

በጥር 2016 ኩባንያው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ሊሠራቸው የነበሩትን ሁለት መደብሮች ሰረዘ። አካባቢው የምግብ ሸቀጥ መደብር እጥረት የነበረበት በመሆኑ የነዋሪዎቹ ቅሬታ ከባድ ነበር። በ2013 ከተከፈቱት መካከል በኤች ጎዳና የነበረውም በ2023 ተዘጋ።

የክርክሩ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። የትራፊክ ጥናት መደብሩ ሲከፈት የሚሆነውን እንጂ ሲዘጋ የሚሆነውን አይተነብይም። በአዳራሽ የተነገረ ተስፋ፣ አስገዳጅ ውል ውስጥ ካልገባ ነዋሪው የሚጠይቅበት መሠረት የለውም።

ጉዳዩ ለምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ያደረገ መመሪያ አውጥታለች። ግዙፍ መደብሮች ወደ መንደሮች ሲመጡ፣ መኪናውን ማን ቆጠረው? የእግረኛው መሻገሪያ የት ነው? የሰፈሩ ባለሱቅስ ምን ይሆናል? የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሹት መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ነው።