ተጨማሪ መረጃ፦ ኳሷ መስመሩን ነክታለች?
በሜዳ ቴኒስ መስመሩን በጥቂቱ እንኳ የነካች ኳስ እንደገባች ትቆጠራለች። የምትለጋ ኳስ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ልትፈጥን ስለምትችል የዳኛ ዓይን ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ኦፕን የተባለው የቴኒስ ውድድር፣ ተጫዋቾች የዳኛውን ውሳኔ “ሆክ አይ” በተባለው የካሜራ ሥርዓት እንዲሞግቱ ፈቀደ። ተጫዋቹ ትክክል ከሆነ ውሳኔው ይሻር ነበር፤ ከተሳሳተ ግን ከነበሩት ውስን ዕድሎች አንዱን ያጣ ነበር።

በሜዳው ዙሪያ የተተከሉት ካሜራዎች ኳሷን ከተለያየ አቅጣጫ ይቀርጻሉ፤ ኮምፒውተሩም በትሪያንጉሌሽን ያረፈችበትን ቦታ ያሰላል። ትሪያንጉሌሽን አንድን ነገር ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከታወቁ ቦታዎች በማየት፣ በሚፈጠሩት ማዕዘኖች አማካኝነት ያለበትን ቦታ የማስላት ዘዴ ነው።

ሞክሩ፦ አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ ዘርጉና ዓይኖቻችሁን በየተራ ጨፍኑ። ጣታችሁ ቦታ የሚቀይር የሚመስለው ለምንድን ነው? ይህስ ከካሜራዎቹ አሠራር ጋር እንዴት ይያያዛል?