ሽጉጥና አፎቱ፤ ቆዳ ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ?

«ሽጉጥ» ስለሚለው ቃል ትርጕም ሊቅ መጠየቅ አያሻም። «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ የተሸጎጠ፣ ከመታጠቂያ ሥር የተወተፈ ዕቃ ማለት ነው። አባቶቻችን ለጎራዴው አፎት፣ ለጥይቱ ዝናር ሲያበጁ፣ ይህ ትንሽ መሣሪያ ግን ስሙንም ማደሪያውንም ያገኘው ከወገብ ነው። ልማዱም ከስሙ ጋር ጸንቶ ኖረና፣ ዛሬም ፈቃድ ያለው ሰው ሳይቀር ሽጉጡን ያለ አንዳች መያዣ በሱሪውና በሸሚዙ መካከል ወትፎ ታክሲ ሲሳፈር ይታያል።

ነገሩ የአለባበስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ቃታው ሳይሸፈን በወገብ ሲሸጎጥ፣ የሸሚዝ ጫፍም ሆነ የባለቤቱ ጣት ቃታውን ከሳበው፣ ጥይቱ የሚያገኘው የባለቤቱን ጭን ነው፤ በታክሲ ውስጥ ከሆነም አጠገቡ የተቀመጠችውን እናት። ከትምህርት ቤት ወጥተው መሣሪያ በሚያስታጥቅ የመንግሥት ሥራ የሚመደቡ ጓደኞቻችን ጥቂቶች ስላልሆኑ፣ ስለ አፎት ምርጫ አንዳንድ ነገር ማመልከት ወደድን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ስለሚከለክል፣ የምንናገረው ለባለ ፈቃዱ ብቻ መሆኑ ይታወቅልን።

በኮልፌ ያለፈ ሰው የፈጥኖ ደራሽን ሰፈር ያውቀዋል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ትምህርት የቀሰሙት በዚሁ በኮልፌ ነበር። ለስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ከአገራቸው በመጣ ጥሪ ባጭሩ ሲቋረጥ፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ አበረከቱላቸው። ሽጉጡ ማካሮቭ እንደ ነበረ በብዙ ቦታ ተጽፏል። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንዱ ጥይት ወደ 10 ግራም ስለሚጠጋ 200ው ሁለት ኪሎ ያህል ይሆናል። ማንዴላ ካርቱም ደርሰው የሚቀጥለው አውሮፕላን እስከ ማግሥቱ እንደማይነሣ ሲነገራቸው፣ ሽጉጡን በአፎት ውስጥ ከኮታቸው ሥር አድርገው፣ ጥይቱን በሱሪያቸው ውስጥ በወገባቸው ጠምጥመው፣ ነጮች ተቀምጠው በሚጠጡበት የሆቴል በረንዳ መካከል አለፉ። ማንም አላወቀባቸውም።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ስለ አፎቱ ነው። ሽጉጡን እንዲሁ የሸጎጠ ሰው በእጁ ይታወቃል፤ ሁለት እርምጃ በሄደ ቁጥር ወገቡን ይዳስሳል፣ ሱሪውን ይጎትታል፣ ሲቀመጥ ይጨነቃል። አፎት ያለው ግን እጁን አወናጭፎ ይሄዳል።

ወደ ቆዳው እንመለስ። ቆዳ የአገራችን ሀብት ነው፤ መርካቶ ብንወርድ ከቀበቶ እስከ ኮርቻ የሚሰፋ ባለሙያ አናጣም። ይሁን እንጂ ቆዳ ሁሉ ለአፎት አይሆንም። የበጋችን ቆዳ በጓንት ሥራ በዓለም የተመሰገነ ቢሆንም ለዚህ ሥራ እጅግ ስስ ነው፤ የሚያስፈልገው ወፍራም የበሬ ቆዳ ነው። ለጫማና ለጃኬት የሚውለው አብዛኛው ቆዳ በክሮም ጨው የለፋ ስለ ሆነ፣ ከብረት ጋር ለብዙ ጊዜ ሲውል ዝገት ሊያመጣ ይችላል። ደገኛው በዛፍ ልጣጭ የለፋው ነው። ይህ ቆዳ በውሃ ርሶ በሽጉጡ አምሳል ላይ ተጨምቆ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል፤ ለገላ ይስማማል፣ ድምፅ አያሰማም፣ ብረቱንም አይፍቅም። መልኩ ደግሞ ያምራል፤ ይህን የሚክድ ያለ አይመስለንም።

ጠላቱ ላብና ክረምት ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲመላለስበት የከረመ አፎት ይላሽቃል፤ አፉም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ባለቤቱ ሽጉጡን ሲመልስ ያ የታጠፈ ጠርዝ በቃታው ቀለበት ገብቶ እንደ ጣት ቃታውን ሊስብ ይችላል። በሌላ አገር በዚህ ምክንያት የተተኮሰባቸው ሰዎች አሉ። ሌላም ጥፋት አለ፤ ብዙ አባቶች ሽጉጣቸውን ከነቆዳ አፎቱ በሣጥን ቆልፈው ዓመት ያስቀምጣሉ። ቆዳው እርጥበቱን ጠጥቶ ለብረቱ ያቀብለዋል፤ የጥይቱም ቀለህ አረንጓዴ ያወጣል። አፎት መታጠቂያ እንጂ ጎተራ አይደለም።

ፕላስቲኩ የቅርብ ጊዜ ፍጥረት ነው። ካይደክስ የሚባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ለአውሮፕላን የውስጥ ክፍል የወጣ ሲሆን፣ ዝርግ ሆኖ ሳለ በሙቀት ይለሰልስና በሽጉጡ ቅርጽ ላይ ተጭኖ ሲበርድ ይጠነክራል። ውሃ አይጠጣም፤ አፉ ሁልጊዜ ክፍት ስለ ሆነ ሽጉጡን በአንድ እጅ፣ ሳያዩ፣ ለመመለስ ይመቻል። ነገር ግን ጎኑን ይቆረቁራል፣ አሸዋ ከገባበት ብረቱን ይፍቃል፣ ሲመዘዝም ቀጭ ይላል፤ ብሎኑም ስለሚላላ በየጊዜው መጥበቅ አለበት። ለአንዱ ሽጉጥ የተሠራው ለሌላው አይሆንም። በገበያ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን ልል ጨርቅማ አፎት ግን ከሁለቱም አንቆጥረውም።

በበኩላችን ምርጫው በሽጉጡ ዓይነት ሊወሰን ይገባል እንላለን። ማካሮቭ በእጅ የሚዞር ማገጃ ያለው ነው፤ ሶቪየቶችም ክዳን ካለውና ለትርፍ የጥይት ካዝና ኪስ ከተበጀለት አፎት ጋር ነበር የሚያስታጥቁት። ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ጠንካራ ቆዳ ይበቃል፤ ሲላሽቅ መጣል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የኦስትሪያ ጦር እንደ ተቀበለው እንደ ግሎክ ላለው ሽጉጥ ግን፣ በጎኑ የሚዞር ማገጃ ስለሌለውና መጠበቂያው በቃታው ላይ ስለ ሆነ፣ የቃታው መሸፈን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ለዚህኛው ፕላስቲኩን እንመርጣለን፤ ቢቆረቁርም ይቆርቁር።

የሚገዛ ሰው ሽጉጡን አራግፎ፣ አለመጉረሱንም ሁለት ጊዜ አይቶ በአፎቱ ይክተተው። በውጭ በኩል ቃታው ያለበትን ስፍራ በአውራ ጣቱ ይጫነው፤ ቃታው ከተሰማው አይግዛ። ከዚያ ከአልጋ በላይ ገልብጦ ያራግፈው፤ ሽጉጡ ከወደቀ አሁንም አይግዛ። ሽጉጡን አውጥቶ የባዶውን አፎት አፍ በጣቶቹ መካከል ይጭመቀው፤ በቀላሉ ከተጣበቀለት፣ ሻጩ ስለ ስፌቱ የሚነግረውን ሁሉ ባይሰማው ይሻለዋል።