«ጭላዳ» እና «ዠላዳ»፤ የሆሄ መመሳሰልና የቃል ዝምድና

በላቲን ፊደል ሲጻፉ ስድስቱም ሆሄያት አንድ የሚሆኑ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው በስሜን ተራሮች፣ በጊች አምባ ሜዳ ሣር ሲነጭ የሚውለው የጭላዳ ዝንጀሮ ሳይንሳዊ መጠሪያ ነው። ሁለተኛው በብራዚል ፖርቱጋልኛ የአራዳ አነጋገር ቀዝቃዛ ቢራን የሚያመለክተው «ዠላዳ» ነው። ፖርቱጋሎች በ1541 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ወርደው በተከታዩ ዓመት እስከ ስሜን መዝለቃቸውንና የአገሩን ብርድ የሚያስብ ሰው «ጭላዳ ማለት የብርድ አገር ዝንጀሮ ነው» ወደሚል ፍቺ ሊያመራ ይችላል። ፍቺው ግን የማያስኬድ መሆኑ ከዚህ በታች ይታያል።

ሀ) «ዠላዳ»፦ መነሻው «አቀዘቀዘ፣ በረዶ አደረገ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግሥ ነው። «ሴርቬዣ ዠላዳ» (ቀዝቃዛ ቢራ) ከሚለው ሐረግ ስሙ ተጥሎ ቅጽሉ ብቻውን ቀረ፤ ቢራ በፖርቱጋልኛ አንስታይ ጾታ ስላለው ቅጽሉም አንስታይ እንደሆነ ዘለቀ። እኛም «ለስላሳ መጠጥ» በማለት ፈንታ «ለስላሳ» ብቻ እንላለን። «ዠላዳ ውስጥ መግባት» ደግሞ ችግር ላይ መውደቅ ማለት ነው።

ለ) «ጭላዳ»፦ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. እንስሳውን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ የአገሩን ስም ወሰደ። የላቲን ፊደል ጉሮሮ ተዘግቶ ለሚወጣው «ጭ» ምልክት ስለሌለው፣ ጀርመኖች «ገ» ብለው በሚያነቡት ሆሄ ጻፈው። ይህንኑ ሆሄ እንግሊዞች «ጀ»፣ ፖርቱጋሎች «ዠ» ብለው ያነቡታል። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት የተገናኙት በሆሄ እንጂ በዘር አይደለም። ቃሉ ከፖርቱጋልኛ የተወሰደ ቢሆን ኖሮ «ዠ» ወይም «ጀ» ሆኖ ይገባ ነበር፤ ሁለቱም ድምፆች በአማርኛ ስላሉ «ጭ» የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ስለሆነም ለፖርቱጋልኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሁለቱ ቃላት ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ናቸው። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚም «ጌላዳ» ወይም «ጀላዳ» ብሎ ከመጻፍ መቆጠብ ይገባዋል፤ የራሳችንን ቃል ከባዕድ ሆሄ መልሶ መዋስ ይሆናልና። የጊች ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ፣ ከእንስሳው ጋር ተጎራብተው ስሙን ዘወትር ያነሡ የነበሩት ሰዎች ከአምባው ርቀዋል። ስለ ጭላዳ የሚነበበው አብዛኛው ጽሑፍ ደግሞ በውጭ ቋንቋ የተዘጋጀ ነው። ትክክለኛውን ስም በጽሑፍ የማቆየቱ ኃላፊነትም ይበልጡን በተርጓሚው ላይ ይወድቃል።