የመኪና ድምፅ መሣሪያ ቦታ ፍለጋ፦ የጋይንት ደጋ አየር ምን ይሰጣል? ምን ይወስዳል?

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በድጓ ትምህርት ስሟ የታወቀ ደብር ናት። ከቅዱስ ያሬድ የተወረሰው ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እየተጠና ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈባት፣ የድጓ ሊቃውንት የሚመሰክሩባት ቦታ ናት። በዚያ ተማሪው ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አንደበት በቀጥታ በጆሮው ነው፤ በመካከላቸው ካለው አየር በቀር ሌላ መሣሪያ የለም።

ዛሬ ግን የተቀዳ ማኅሌት በመኪናው ውስጥ እያደመጠ ረጅም መንገድ የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት መኪኖች በአብዛኛው ላንድ ክሩዘርን የመሳሰሉ ከፍ ያሉ የመስክ መኪኖች ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ፋብሪካው የገጠመው ቴፕና ትናንሽ ስፒከሮች የጠጠር መንገዱን ጩኸት ማሸነፍ ይሳናቸዋል፤ የጽናጽሉ ድምፅ ሲሰማ የከበሮው ይጠፋል። ስለዚህ ባለ መኪናው ተጨማሪ አምፕሊፋየርና ዉፈር ማስገጠም ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ “ምን ልግዛ?” ሳይሆን “የት ላስቀምጠው?” የሚል ነው። ያው መኪና መድኃኒት፣ እህል፣ አንዳንዴም ሕመምተኛ የሚጭን በመሆኑ ለድምፅ የሚሰጠው እያንዳንዱ ሊትር ቦታ ከሰውና ከዕቃ የሚቀነስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የሚሰጠው በዋነኛነት አየሩ ራሱ መሆኑን እንመለከታለን።

ባዶ የሚመስል ሁሉ ባዶ አይደለም

የመስክ መኪና ከውጭ ሲታይ ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ ያሉት ጉድጓዶች አብዛኞቹ ሥራ አላቸው። የበሩ ሆድ መስታወቱ ሲወርድ የሚገባበት ነው፤ ስለዚህ ለበር ስፒከር የሚሆነው ጥልቀት የሚለካው መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ነው። ከክሩስኮቱ ጀርባ የማሞቂያ ቱቦዎችና የሽቦ ጥቅሎች ይገኛሉ። በትንንሽ የቤት መኪኖች ውስጥ ስኮርታ ጎማው የሚተኛበት የኋላ ጉድጓድ ለዉፈር ያገለግላል፤ በላንድ ክሩዘርና በፕራዶ ግን ስኮርታው ብዙውን ጊዜ ከኋላ በር ላይ ወይም ከመኪናው ሆድ ሥር ስለሚንጠለጠል ይህ ዕድል የለም። የአደጋ መከላከያ የአየር ከረጢት በተገጠመላቸው መኪኖች ደግሞ በጣራው ጠርዝና በምሰሶዎቹ ሽፋን ውስጥ ምንም ነገር ሊገባ አይገባም። ወለል ከመብሳት በፊትም ከሥር የነዳጅ ጋን ወይም የፍሬን ቱቦ አለመኖሩን አጎንብሶ ማየት ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀሩት ሦስት ቦታዎች ናቸው። እነሱም ከፊት መቀመጫዎች ሥር ያለው ዝቅተኛ ክፍተት፣ ከኋላ በጎንና በጎን በውጭው ቆርቆሮና በውስጡ ሽፋን መካከል ያለው ክፍተት እንዲሁም ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ያለው ጠባብ ወለል ናቸው። ለአምፕሊፋየሩ የመጀመሪያው ሊበቃ ይችላል። ትልቁ ችግር ዉፈሩ ነው፤ ዉፈር ሳጥን ይፈልጋልና።

ዉፈር ለምን ሳጥን ያስፈልገዋል?

የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ በፊቱ ያለው አየር ይጨመቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከጀርባው ያለው አየር ይሳሳል። ሁለቱ ሞገዶች ቢገናኙ ይጠፋፋሉ። በተለይ ዝቅተኛ ድምፅ ረጅም ሞገድ ስላለው በቀላሉ ዞሮ ይገናኛል፤ የ100 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ገደማ ነው። ሳጥኑ የጀርባውን ሞገድ ያስራል። ነገር ግን የታሰረው አየር ሥራ ፈት አይሆንም፤ ወረቀቱ በገፋው ቁጥር እንደ ሞላ መልሶ ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቸር ይህን የአየር ሞላ ሆን ብሎ በመጠቀም ትንሽ ሳጥን ያለው ስፒከር ሠራ። ቀጥሎም አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን በሒሳብ አስቀመጡት።

ከእነርሱ ሥራ የተገኘ አንድ ቁጥር በየዉፈሩ መግለጫ ላይ ይጻፋል፤ “ተመጣጣኝ የአየር መጠን” ልንለው እንችላለን። ትርጉሙም የስፒከሩ የራሱ ማንጠልጠያ ያለውን ያህል ልስላሴ የሚኖረው የአየር መጠን ማለት ነው። ለምሳሌ የአንድ ዉፈር ተመጣጣኝ የአየር መጠን 40 ሊትር፣ የራሱ የንዝረት ድግግሞሽ 35 ኸርዝ ነው እንበል። በ40 ሊትር የታሸገ ሳጥን ውስጥ ስናስገባው ሁለት እኩል ሞላዎች ይጣመራሉ፤ ጥንካሬው እጥፍ ይሆናል፤ ድግግሞሹም በሁለት ስኩዌር ሩት ተባዝቶ 50 ኸርዝ ገደማ ይደርሳል። አርባ ሊትር ማለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በመስክ መኪና ውስጥ ይህ ቀላል ቦታ አይደለም።

የመኪናው ውስጥ ራሱ ረዳት ነው

ሳጥኑን ከዚህ አሳንሰን ድግግሞሹ ከፍ ቢል ከበሮው ይጠፋል ወይ? በትልቅ አዳራሽ ቢሆን አዎን። መኪና ግን አዳራሽ አይደለም። የመኪናው ውስጠኛ ርዝመት 2.8 ሜትር ቢሆን ግማሽ ሞገድ በውስጡ የሚቆመው በ61 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ላለው ድምፅ የመኪናው ውስጥ ሞገድ የሚመላለስበት ክፍል መሆኑ ይቀርና እንደ አንድ ትንሽ የተዘጋ ዕቃ አየሩ በአንድነት የሚጨመቅበት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ድግግሞሹ በወረደ መጠን ድምፁ እየተጠናከረ ይሄዳል። የታሸገ ሳጥን ደግሞ ከራሱ ድግግሞሽ በታች ድምፁ እየደከመ የሚሄድ ነው። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲጥል በግምት ይካካሳሉ። በበርና በመስኮት ዙሪያ ያለ ክፍተት ይህን እርዳታ ስለሚያሳንሰው የተበላሸ የበር ጎማ መቀየር ከዉፈር ግዢ ይቀድማል።

ደጋው የሚሰጠው

አሁን ወደ ጋይንት እንውጣ። ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ የደጋው ከፍታ 3,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። የአየር ሞላ ጥንካሬ ከግፊቱ ጋር ቀጥተኛ፣ ከሳጥኑ መጠን ጋር ደግሞ ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። ስለዚህ ግፊቱ ወደ 70 በመቶ ሲወርድ፣ ያንኑ ጥንካሬ ለማግኘት የሳጥኑም መጠን ወደ 70 በመቶ መውረድ አለበት። የምሳሌያችን 40 ሊትር ሳጥን በጋይንት 28 ሊትር ይበቃዋል ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሊትር ቦታ ከአየሩ በነጻ ተገኘ! በአዲስ አበባ ከፍታ ግፊቱ 77 በመቶ ገደማ በመሆኑ ሳጥኑ 31 ሊትር ያህል ይሆናል። በውጭ አገር የተጻፈ የሳጥን መጠን መግለጫ ለባሕር ጠለል የተሰላ መሆኑን የማያስተውል ሰው ቦታውን በከንቱ ይሰጣል።

ያው መኪና ወደ ጅቡቲ ቢወርድስ? የ28 ሊትሩ ሳጥን በዚያ ጠንከር ብሎ ድግግሞሹ ወደ 55 ኸርዝ ይወጣል፤ ድምፁ በጥቂቱ ይለወጣል እንጂ አይበላሽም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ለተማሪዎች ይገባል። ግፊቱ ቢቀንስም የድምፅ ፍጥነት በዚያ ምክንያት አይቀንስም፤ ግፊቱና እፍግታው አብረው ስለሚወርዱ ፍጥነቱን የሚወስነው የሙቀት መጠኑ ነው። ስለሆነም ከላይ ያሰላነው 61 ኸርዝ በጋይንትም በጅቡቲም ከሙቀት ልዩነት በቀር ያው ነው።

ሳጥኑን ይበልጥ ለማሳነስ ሌላ መንገድም አለ። በሳጥኑ ውስጥ የላላ ጭረት ሲሞላ አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረውን ሙቀት ጭረቱ ስለሚቀበል ሞላው ይለሰልሳል። በተግባር ሳጥኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሰፋ ያህል ይሆናል። ለዚህ በደንብ የታጠበና የደረቀ የበግ ጠጉር ጥሩ ነው፤ ጠጉሩ ግን ወረቀቱን መንካት የለበትም።

ደጋው የሚወስደው

ቦታ የሰጠን ስስ አየር ሌላ ነገር ይወስዳል። ወረቀቱ በእኩል ኃይል ሲገፋ የሚወጣው የድምፅ ግፊት በአየሩ እፍግታ ልክ ስለሚቀንስ፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ 3 ዴሲቤል ያህል ይጎድላል። ያን መልሶ ለማግኘት የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ መሆን አለበት። 200 ዋት ይበቃ የነበረው 400 ዋት ይሆናል።

በዚህ ኃይል 60 በመቶ ብቃት ያለው የቀድሞ ዓይነት አምፕሊፋየር 667 ዋት ይወስዳል፤ ይህም በ13.8 ቮልት 48 አምፔር ነው። ከዚህ ውስጥ 267 ዋቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በፍጥነት እየበራና እየጠፋ የሚሠራውና “ክላስ ዲ” የሚባለው ዓይነት በ88 በመቶ ብቃት 455 ዋትና 33 አምፔር ይበቃዋል፤ ሙቀቱም 55 ዋት ብቻ ነው። ስስ አየር ሙቀትን የመውሰድ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ልዩነቱ በደጋ ይበልጥ ይጎላል። የመጀመሪያው ሰፊ ማቀዝቀዣ ብረትና የሚተነፍስበት ቦታ ሲጠይቅ ሁለተኛው የመጽሐፍ ያህል ሆኖ ከመቀመጫ ሥር ይገባል። ይሁን እንጂ ወለሉ በጭቃና በእጥበት ውሃ ስለሚረጥብ በአራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር፤ መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተትም እንዳይነካው ይፈተሽ።

ሽቦውም ቦታ ይፈልጋል። ከባትሪው እስከ አምፕሊፋየሩ 5 ሜትር፣ ምላሹን ጨምሮ 10 ሜትር ብንወስድ፣ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በ33 አምፔር 1.4 ቮልት ያባክናል፤ 46 ዋት የሚያህል ሙቀትም በምንጣፉ ሥር ያመነጫል። 10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ብክነቱን ወደ 0.56 ቮልት ያወርደዋል። ሽቦው ከቆርቆሮ ጋር ተፋትጎ ቢላጥ እሳት እንዳይነሣ ቫልቮላው ከባትሪው ከሁለት ስንዝር ሳይርቅ መግባት አለበት።

እጥፉን ኃይል ከመግዛት በፊት

ጠያቂ አንባቢ እዚህ ላይ “የመኪናው ጩኸትስ በዚያው ስስ አየር አይቀንስም ወይ?” ቢል ትክክል ነው። የሚርገበገበው ቆርቆሮም የሚገፋው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ እርሱም በተቀራራቢ መጠን ይደክማል። ጆሯችን ዜማውን ከጩኸቱ የሚለየው በሁለቱ ንጽጽር በመሆኑ፣ የጎደለው 3 ዴሲቤል ሁሉ ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ በ200 ዋት በመንገዱ ላይ ማዳመጥ ይገባል።

ካልበቃም ሁለተኛ አማራጭ አለ። በበሩና በወለሉ ቆርቆሮ ላይ ንዝረት የሚያፍን ሬንጅ መሰል ንጣፍ ተለጥፎ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል ቢቀንስ፣ የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ከማድረግ እኩል ነው። ሚሊ ሜትሮች እንጂ ሊትሮች አይወስድም፤ ከባትሪው አንድ አምፔር አይጠይቅም። ለጆሮም ይሻላል፤ የጆሮ ጤና መመሪያዎች 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ሲፈቅዱ፣ ብዙዎቹ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሱታል።

በመጨረሻ የማይታለፍ አንድ ሒሳብ አለ። ዉፈሩ ከነሳጥኑ 20 ኪሎ ግራም ቢመዝንና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄደው መኪና በግጭት በ0.1 ሴኮንድ ቢቆም፣ ሳጥኑ ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል 2,800 ኒውተን ገደማ ነው፤ የ280 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጠውን ሰው የሚያገኘው ይህ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ በማጣበቂያ ወይም በገመድ ሳይሆን በብሎን ከመኪናው አካል ጋር ይታሰር።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አስቀድሞ ጩኸቱን መቀነስ፣ ቀጥሎ ሳጥኑን ለምንኖርበት ከፍታ ማስላት፣ ከዚያ አነስተኛ ሙቀት የሚያወጣ አምፕሊፋየር መምረጥ፣ በመጨረሻም ሁሉን በብሎን ማሰር። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው የማኅሌቱን ከበሮ እየሰማ፣ የኋላውን መቀመጫ ለተሳፋሪ፣ ወለሉንም ለጭነት እንደተወ ጋይንት ይደርሳል።