አሻራው አይጠፋም
የሳይበር ደህንነትና የዲጂታል ምርመራ ትምህርት ለወጣቶቻችን

ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ ተነስቶ ወልድያ፣ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ቤተሰቡን «ምን ላጥና?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። አካውንቲንግ ወይም ሕግ ቢመርጥ መልካም ነው። ሆኖም ከዋናው ትምህርት ጎን በማይነርነት ምን ይያዝ? የሳይበር ደህንነትና የዲጂታል ምርመራን ቢያስብበት እንመክራለን።

ምንድን ነው?

የሳይበር ደህንነት ሌባው እንዳይገባ መጠበቅ ነው። የዲጂታል ምርመራ ደግሞ ከገባ በኋላ ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደገባ ማወቅ ነው። መርማሪው አስቀድሞ የሚማረው አለመንካትን ነው። የተያዘውን ኮምፒውተር ከፍቶ አይበረብርም፤ የውስጡን ሙሉ ግልባጭ ወስዶ የሚመረምረው ግልባጩን ነው። ለሁለቱም «ሃሽ» የሚባል መለያ ቁጥር ያሰላል፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ማስረጃው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈም በቀንና በሰዓት ይመዘግባል። በእርሱ ሥራ ሰው ሊታሰር ወይም ነጻ ሊወጣ ስለሚችል ሙያው አማና ነው።

የመጋቢቱ ሌሊት

መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በመታወኩ ብዙዎች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ አስተላለፉም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ፣ ያላግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። እያንዳንዱ ዝውውር በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ ስለነበር ብዙዎቹ መለሱ፤ ያልመለሱት ስም ዝርዝራቸው ለሕዝብ ይፋ ወጣ። ስሕተቱ የሲስተሙ ቢሆንም ገንዘቡ የሰው ሐቅ ነበር። ይህን ትምህርት የቀሰመ የሂሳብ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ዝውውር ፈጥኖ ለይቶ፣ ፍርድ ቤት የሚቀበለው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ይችላል።

ሕጉስ?

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላውን ኮምፒውተር መድረስን ወንጀል አድርጎታል። «ለመሞከር ብዬ ነው» የሚል ምክንያት አያድንም። የሚለማመድ ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ይለማመድ።

ከየት ይጀመር?

ትምህርቱ በማይነርነት የማይሰጥ ከሆነ የኔትወርክ፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተምና የፕሮግራሚንግ ኮርሶችን መርጦ መውሰድ ይቻላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ላለ ተማሪም መንገድ አለ፤ «አውቶፕሲ» የተባለው ነጻ የምርመራ ፕሮግራም አንድ ጊዜ በፍላሽ ከተገለበጠ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንድ አሮጌ ፍላሽ ላይ ፎቶ ጭኖ ማጥፋት፣ ከዚያም በፕሮግራሙ ፈልጎ ማግኘት ጥሩ የመጀመሪያ ልምምድ ነው። ጠፋ የተባለው ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ በቦታው እንዳለ ተማሪው በዓይኑ ያያል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ኮምፒውተር ላይ አመሸ ብላችሁ ብቻ አትቆጡ፤ ምን እንደሚማር ጠይቁት። ከተማረው ጥቂቱን ለቤተሰቡ ያካፍል፤ የሞባይል ገንዘብ የምስጢር ቁጥር ለማንም እንደማይነገር ለእናቱና ለሱቅ ነጋዴው አጎቱ ያስረዳ። የእውቀቱ ፍሬ ከቤቱ ይጀምራል።