ምዕራፍ 4፦ ኳሷ ታየች፣ አጥንቱስ?

ስለ እንቅስቃሴ ቀረጻ የሚያስረዱ ሰዎች አንድ የሚያናድደኝ አባባል አላቸው፤ «ስህተቱ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ግን የምኑ ስህተት? ካሜራዎቹ የሚከታተሉት ቆዳ ላይ የተለጠፈችውን አንጸባራቂ ኳስ፣ ማርከሯን ነው። ሐኪሙም አሠልጣኙም ማወቅ የሚፈልጉት ግን የአጥንቱን አካሄድ ነው። በሁለቱ መካከል ቆዳ፣ ስብና ጡንቻ አለ።

የመንዟን ከተማ የመሐል ሜዳን ብርድ የቀመሰ ሰው በርኖስን ያውቃል። በመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ በርኖስ የደረበ እረኛ ቁልቁለት ሲወርድ አስቡ። በርኖሱ ላይ ነጫጭ አዝራሮች ሰፍተን፣ እነሱን ብቻ እያየን የሰውየውን አካሄድ እንለካ ብንልስ? ትከሻው ላይ ያለው አዝራር ብዙም አይዋሽም፤ ልብሱ እዚያ ተጭኖ ነው የሚቀመጠው። የቅልጥም ፊትም እንደዚያ ነው። ታች ጫፉ ላይ ያለው ግን ተረከዝ መሬት በነካ ቁጥር ዘግይቶ ይወዛወዛል። ጭን ይህን ይመስላል፤ እዚያ የተለጠፈች ማርከር ከአጥንቱ አንጻር እስከ 3 ሴንቲሜትር ልትንሸራተት ትችላለች። እረኛው ወገቡን በመቀነት ቢያስርስ? አዝራሮቹ እርስ በርሳቸው መራራቃቸውን ይተዋሉ፤ ሁሉም አንድ ላይ መንሸራተታቸውን ግን አይተዉም። ማርከሮችን በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ጭን ላይ ማሰር ያለው ጥቅምም ጉድለትም ይኸው ነው።

ብዙ መጻሕፍት እዚህ ሲደርሱ «ካሜራ ይጨመር» ብለው ያልፋሉ። ይህን ማብራሪያ መታገሥ አልችልም! ካሜራ ሲጨመር ማርከሯ ከእይታ አትጠፋም፤ የበርኖሱ መወዛወዝም ይበልጥ ጠርቶ ይታያል፣ በቃ። መረጃውን በማጣሪያ ማለስለስም አያድንም፤ ቆዳው የሚወዛወዘው ከእርምጃው ጋር በአንድ ምት ስለሆነ ማጣሪያው አንዱን ከሌላው አይለይም።

እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪው ራይንሽሚትና ባልደረቦቹ በፈቃደኞች አጥንት ላይ ብረት ተክለው አስሮጧቸው፤ የቆዳውንም የአጥንቱንም እንቅስቃሴ ጎን ለጎን ለኩ። የጉልበት መታጠፍ ላይ የቆዳው ስህተት በአማካይ የእንቅስቃሴው 21 በመቶ ነበር። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መዞር ላይ 63፣ ወደ ጎን መጉበጥ ላይ 70 በመቶ ደረሰ። እንግዲህ የእኛን ሯጮች ምስጢር በሁለትና በሦስት ዲግሪ የጉልበት መዞር ሊያስረዳን የሚነሣ ሰው ምን ይዞ ነው? ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ግራ ክንዱን ደብተር እንደያዘ ሰው ሰብስቦ መሮጡን ያለ ምንም ማርከር ማንም አይቶታል። የጉልበቱን ጥቂት ዲግሪ ግን በቆዳ ላይ ኳስ አይቶ መናገር ድፍረት ነው።

ስህተቱ ከቆዳው ብቻ አይመጣም፤ ማርከሯን ከሚለጥፈው እጅም ይመጣል። ይህን ለማሳየት ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማሠራቸው ልምምድ አለ። ሁለት ተማሪዎች ተራ በተራ የአንድን ሰው ጉልበት ዳብሰው ግራና ቀኝ ባሉት የአጥንት ጉብታዎች ላይ ነጥብ ያደርጋሉ፤ አንዱ የሌላውን ነጥብ አያይም። ነጥቦቹ ሁልጊዜም ይለያያሉ። በነጥቦቹ የሚሰመረው የጉልበቱ መታጠፊያ ዘንግ በዚያች ልዩነት ትንሽ ሲጠመዘዝ፣ ቀጥ ብሎ የሚራመደው ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ ጉልበቱ ወደ ጎን የሚጎብጥ ሆኖ ይወጣል። መታጠፉ ነው መጉበጥ መስሎ የተመዘገበው።

መፍትሔው ዘንጉን ለጣት ብቻ አለመተው ነው። ሰውየው ጉልበቱን ደጋግሞ ያጥፍ፣ እግሩን ከዳሌው ላይ በክብ ያዙር፤ መዞሪያው ከራሱ እንቅስቃሴ ይሰላል። ተመራማሪዎቹ ሉ እና ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ስሌት ደግሞ አጥንቶች መገጣጠሚያቸው ላይ ተላቀው እንዳይሄዱ ያስገድዳል። ጥሩ ነው፤ ግን ጅማቱ ለተበጠሰ ሰው የጤነኛ ጉልበት ሞዴል ከተሰጠው ሕመሙን ራሱን ይደብቃል።

የጭን አጥንቱ ወደ ውስጥ ለዞረ ልጅ አጥንቱ ተቆርጦ በስንት ዲግሪ ይመለስ ሲባል ይህ በማርከር የሚገኝ የመዞር ልኬት ውሳኔው ውስጥ ይገባል። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ማርከር የሚለጥፈው አንድ ሰው ይሁን። ካልተቻለ፣ የሁለቱ ባለሙያዎች ልዩነት በዲግሪ ተለክቶ ከውጤቱ ጎን ይጻፍ።